አራግፎ መግባት

ፓንሲት አይበላም በአዳር ተራ፤
ክሩ ረጅም ነው፣ ሕመምተኛ ይስባል፣ አንዱ ሌላ እየጠራ።
«ዛሬስ ጸጥ ብሏል» ተብሎም አይወራ።

ይህን ያስተማረችኝ፣ ሥራ በያዝኩ ማግስት፣
ኔሊዳ ናት፣ በኢሎኢሎ የድንገተኛ ክፍል የበሩ እመቤት፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ እግሩ በሚነቃነቅ አንድ ወንበር ላይ፣
ማን ቀድሞ እንዲገባ፣ ማን ደግሞ እንዲቆይ፣
በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴ ክር
በሰው አንጓ ላይ ዕድሜ ስታስር።

ሳቅኩባት ያን ጊዜ፣ የተማርኩ ነኝ ብዬ፣
አዲሱን ባጄን ደረቴ ላይ ሰቅዬ።
ዶክተር ፓላብሪካ ልደቴ ነው ብሎ
ፓንሲት አመጣልን፣ በትሪ ተቆልሎ።
እሱ ጎረሰ። እኔም ጎረስኩ። እሷ ሎሚውን ብቻ መጠጠች።
ከሌሊቱ ስምንት ላይ፣ ጃሮ መታጠፊያው ጋ፣ ጂፕኒ ተገለበጠች።
አሥራ ሰባት ቁስለኛ። ስድስት አልጋ።
እስኪነጋ።

ከዚያ ወዲህ ፓንሲት አፌን አልነካም።
ሳይንስ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሲደክም
ጥፋቱን የሚያኖርበት ሳህን ይፈልጋል፤
ሳህን ካጣ፣ በገዛ ደረቱ ይሸከማል።

ሥልጠናም ሰጥተውናል፣ «ጭንቀትን ስለ መቋቋም»፣
ከአዳር በወጣንበት ጠዋት፤ ሌላ ቀን አይመቻቸውም።
በጥልቀት ተንፍሱ አለን፣ ክራባት ያሰረ ሰው፤
ተነፈስን፣ ግማሻችንን እንቅልፍ ወሰደው።
ለምስክር ወረቀቱ ፈርመን ወጣን።
ነርስ ግን አልተጨመረም።

የእኛ መቋቋሚያ ሌላ ነው።
ፓላብሪካ የአንሶላ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ
አራት ደቂቃ ያለቅሳል፣ በእጅ ሰዓቱ ለክቶ፤
ፊቱን ታጥቦ ሲወጣ ቀልድ ይዞ ይመጣል።
ዘበኛው ቴዮ የአምቡላንሱን ጎማ ይቆጥራል፣
አራት እንደሆነ እያወቀ።
እኔ ጓንት እቀይራለሁ፤ ንጹሑን፣ እንደገና፣ እንደገና።

ትናንት ሌሊት ግን

ስድስት ዓመቷ ነበር። ከወንዙ ነው ያወጧት።
ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ደረቷን ተጫንንላት።
ኔሊዳ ትቆጥራለች፤ ድምጿ አይወጣም፣ አይወርድም፣
ብርቱካን ለደንበኛ እንደምትቆጥር የገበያ ሴት፣
አንድም ሳትዘል።
ፓላብሪካ ሰዓቱን ጮክ ብሎ ተናገረ።
አባትየው ገባ። ነገርነው።
በጥፊ መታት።
ኔሊዳን።
ቴዮ ሊይዘው ሲሮጥ፣ በእጇ መለሰችው፤
«ተወው፣ እጁ ማረፊያ አጥቶ ነው» አለችው።

ቀጥሎ የገባው የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረበት ሰው ነበር፤
ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም አላየኝም ብሎ ጮኸብን።
እውነቱን ነው።
ይቅርታ ጠየቅን።

ጠዋት አብሬያት ወጣሁ። በእኛ አገር ሬሳ ካለበት
በቀጥታ አይገባም፣ ልጅ ወዳለበት ቤት።
መንገድ ላይ ይታረፋል፣
ሞት እንደ አቧራ ከልብስ እስኪራገፍ፣
የሚከተለው ዱካ እስኪጠፋበት።
ሆስፒታል ለቅሶ ቤት አይደለም ብዬ
ሁለት ዓመት ሙሉ በቀጥታ ገብቻለሁ፤
ከእኔ ጋር ማን ማን እንደገባ እንጃ።

ሞሎ አደባባይ ጥግ፣ ዳቦ ቤቱ ደጅ፣ ሁለት የላስቲክ ወንበር።
ጋጋሪው ቀና ሳይል «ስንት?» አላት።
«አንድ» አለች።
አራት ዳቦ ሰጠን።
ተሳስቷል ብዬ ሳንቲም ልጨምር ኪሴን ስዳብስ ነው የገባኝ፣
ጥያቄው ስለ ዳቦ እንዳልነበር።

ጉንጯ ላይ የጣት ምልክት አለ፤ ሦስቱ ይታያሉ።
ምንም አላወራንም።
ትኩሱ ዳቦ መዳፌን አቃጠለኝ፤
እጅ እንዳለኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።
የመጀመሪያው ጂፕኒ መጣ፤ አሳለፍነው።
ሁለተኛውንም።