ቁጥር ሠላሳ አንድ

ሞተር ያደነቁራል፤ ደንገል ግን አይጮህም፤
ለዚህ ሥራ ከጋሽ ሙሄ ታንኳ የሚሻል የለም።
ሌሊቱን ከባሕር ዳር ቀዝፎ አደረ።
ከገልዳ አፍ ራቅ ብለን፣ ውኃው ደፍርሶ ቡላ ሲመስል፣
ማይኩን በገመድ ሰደድሁት፣
ጉድጓድ እንደሚገባ ባልዲ፣ ቀስ በል እያልሁ፣ ቀስ በል።

የጣና ሆድ ዝም ያለ ለሚመስለው ሰው
እኔ ልንገረው፦ ገበያ ነው።
ቀረሶው ድንጋይ ሲልስ ይፋጫል፣
የአሸዋ ጀልባ ከሩቅ ያጓራል፣
የመስከረም ዝናብ ከላይ፣ እንደ ጤፍ በወንፊት፣ ይንሿሿል፤
ከዚያ ሁሉ መሀል፣ ቀጭን፣ የብቻዋ ጠብታ፦
ጢቅ።
አርባ ሰከንድ ዝምታ።
ጢቅ።

እሷ ናት። ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ነጭ ዓሣ፣ ሁለት ኪሎ ከሩብ፤
በሐምሌ ሆዷን ከፍቼ
የባቄላ ፍሬ የምታህል ደወል የቀበርሁባት፣
በሦስት ስፌት የሰፋኋት፣
ይቅርታ ብዬ የለቀቅኋት።

ማይኩን ወደ ደቅ አዞርሁት፤ ድምፁ ሳሳ፤
ወደ ባሕር ዳር፤ ጠፋ። ወደ ጉማራ፤ ተነሣ።
«ወንዙን ልትወጣ ነው፤ እንቁላል ልትጥል» አልሁና
ሰዓቱን ጻፍሁ።

ጋሽ ሙሄ ፈገግ አለ። የመቅዘፊያውን ዘንግ ነከረ፣
ጫፉን ጆሮው ላይ ተክሎ ትንፋሹን ቋጠረ።
«አምባዛ። ሦስት ናቸው።»
መረቡ ሲወጣ ሁለት ሆኑ።
«አንዱ እኛንም ሰምቶናል» አለና ሳቀ።

ከዚያ ማዳመጫውን ለመነኝ፤ ከቆቡ በላይ ደፋው።
ብዙ ቆየ።
«ሁሌ እንዲህ ትጣራለች?»
«ባትሪዋ እስኪያልቅ። ሁለት ዓመት።»
ሁለት ጢቅ ያህል ዝም አለ፤
ገመዱን እያሻሸ፣ እኔን ሳያይ፣ እንዲህ አለ፦
«የኑርዬን ታንኳ ነፋስ የገለበጠው ቆራጣ ፊት ለፊት ነበር።
ታንኳው ወጣ። መቅዘፊያው ወጣ።
ይኼን ነገር... እዚያ ብናወርደው?»

ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ይሮጣል፤
ሙቁና ቀዝቃዛው ሲገናኝ መንገዱ ይጎብጣል፤
ይህን ተምሬያለሁ፤ ለተማሪም አስረድቻለሁ፤
«የሚጣራውን ብቻ ነው የሚሰማው» ለማለት ግን
አፌ ውስጥ ምላስ አጣሁ።

እሱ ቀዘፈ። እኔ ማይኩን ያዝሁለት።
ቆራጣ ስንደርስ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ፣
እጁን አንሥቶ «እሽሽ» አለኝ፣
አንድ ቃል ሳልናገር።

የዚያን ቀን መዝገቤ ላይ የሦስት ሰዓት መስመር ባዶ ነው፤
«ምክንያት» በሚለው ዐምድ ውስጥ
የጻፍሁት «ነፋስ» ብዬ ነው።