ጥር ዘጠኝ

መዝገቦቹን ከነአቧራቸው ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፎ
«ጥር ዘጠኝን ብቻ» አለ አለቃዬ፣ በሩን ተደግፎ፣
«የስድሳ ምናምን ዓመቱን፣ ከሁሉ የሞቀውን፣ ከሁሉ የበረደውን፣
እስከ ዓርብ ልቀሚና አምጪልኝ፣ አንድ ገጽ የማይሞላውን።»

ድሬ ደግሞ ምን ብርድ አላት? ፍየል እንኳ በቀትር
ጥላ ከሰው የምትቀማባት፣ አስፋልቱ ጫማ የሚነክስባት አገር፤
«በረደኝ» ያለውን ሁሉ «ወባ ነው» ብለን የምንሸኝ፣
ሹራብ የያዘ ሲያልፍ «ሐረር ወጪ ነው» የምንለው።
እያልሁ ገለጥሁ። ሥራው ቀልድ መሰለኝ።

አርባ አምስት። ሰማያዊ ቀለም፣ የሙሴ ያኒ እጅ ጽሕፈት፣
ሰባት ቁጥሩ ወገቡ ላይ መቀነት የታጠቀበት።
ዝቅተኛ ዐሥራ አራት፣ ከፍተኛ ሃያ ስምንት፣ ነፋስ የለም፣
ባቡሩ ሁለት ሰዓት ዘገየ (ይኼ እንኳ የአየር ጠባይ አይደለም)።

ሃምሳ ስድስት ላይ እጁ ተቀየረ፤ ኢብሳ ኡመሬ፣
ቁጥሩ ደቃቅ፣ ተጠጋግቶ የተዘራ የማሽላ ፍሬ።
ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ሦስት ተኩል፣ ደግሞ ዐሥራ አምስት፣
ዓመቱ ይነጉዳል እንጂ፣ ቀኑ ያው ልብስ፣ ያው ቤት።

በሰባ፣ «ሰማይ» ከሚለው ዓምድ ሥር እንዲህ ይላል፦
«ጭስ ነው፤ ደመና አይደለም።» ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል።
ከፍተኛው አልተጻፈም።
መስኮት በሚንቀጠቀጥ ቀን ሜርኩሪ የት ይረጋል?

ከዚያ ሰባ ስምንት።
ስድስት ነጥብ አራት!
መነጽሬን አወለቅሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ አደረግሁ፣
ስድስት ነጥብ አራት፣ በድሬዳዋ! ብቻዬን ሳቅሁ።
ሂክማ ከሒሳብ ክፍል ሳቄን ሰምታ መጥታ
«ያን ሌሊት ግመል ሳይሞት አልቀረም» አለች፣ ሻሿን አጥብቃ፣ ተንቀጥቅጣ።
አለቃዬም «ሪከርድ ነው!» አለ፣ «በደማቁ ጻፊው።»

እኔ ግን ገጹን ገለጥሁ። በማግስቱ፣ በጥር ዐሥር፣
በእርሳስ፣ በጣም በቀጭኑ፣ «ማስታወሻ» ከሚለው ሥር፦

«ዘበኛው ሮብሌ ኮዳውን በርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ
አገኘሁት መለኪያው ሳጥን ውስጥ፣ ከቴርሞሜትሩ ጋር ተደላድሎ።
‹ነጭ ቤት ነው፣ ነፋስ ይገባዋል፣ ማንም አያድርበትም› አለኝ።
ገሠጽሁት። ቀምሼዋለሁም። ጥርስ የሚያደነዝዝ ሆነብኝ።»

ታዲያ ያ ቁጥር የማን ነው? የሰማዩ ወይስ የኮዳው?
ሜርኩሪውን የአንድ ሰው ጥም ነው፣ የነገ ቀትር ጥም፣ ያወረደው።

«ይሰረዝ» ይላል መመሪያው፤ አንቀጹንም አውቀዋለሁ።
ብዕሬን አነሳሁ፣ አስቀመጥሁ፣ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፣
ተመለስሁ፣ ሰረዝሁት።

ቀጥሎ ያለው ዘጠና ሁለት ነው፤ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ፣
የመዘገበችው እታፈራሁ፣ ቀለሟ ገጹ ላይ የፈሰሰባት።
ኮዳ የለም፣ ዘበኛ የለም፣ ቁጥሩ ንጹሕ ነው፣ ያሳምናል፤
ከጎኑ ግን፣ ቦታ ጠቧት፣ ወደ ኅዳጉ ወጥታ ጽፋለች፦
«ደቻቱ አሸዋ ላይ ሦስት ልጆች በአንድ ጆንያ ተኝተዋል።
ካርቶኑ አልቆባቸዋል። ሳልፍ አመዱ ይሞቅ ነበር።»

ኅዳግ በሠንጠረዥ አይገባም። ቦታ የለውም።
ስምንት ነጥብ ዘጠኝን በደማቁ ጻፍሁና አስረከብሁ፤
አለቃዬ ቅር አለው፣ «ስድስቱ ይሻል ነበር» አለኝ፣
«ለጋዜጣ ይመች ነበር።» ዝም አልሁ።

ዘንድሮ ጥር ዘጠኝ ተረኛዋ እኔ ነበርሁ።
ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ባትሪ ይዤ ግቢውን አቋረጥሁ፣
ከለገሃር በኩል የአንድ ባጃጅ ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥታ፤
የሳጥኑን በር ከፈትሁ፦ መስተዋቱ፣ ጨለማው፣ አንዲት እንሽላሊት ተኝታ።
ዐሥራ ሁለት ነጥብ አንድ።
እሷን ሳልቀሰቅስ ዘጋሁት፣
እጄን ብብቴ ሥር ሸጎጥሁ።
ዘበኛው ጉሌድ ከጋቢው ውስጥ ዓይኑን ብቻ አውጥቶ
«በረደሽ?» አለኝ።
«ኧረ ወባ ነው» አልሁት።