የይለፍ ቃልዎን ረስተዋል?

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት፣
ቶሪኖ፣ ባሪዬራ ዲ ሚላኖ፣ ድሮ ዳቦ ቤት በነበረ ቤት፣
አንድ ጠረጴዛ አለኝ፤ አንድ የሚያስለው ማተሚያ፤
ከጀርባዬ የተለጠፈ፣ ፈገግ ያለ ማስታወቂያ፦
«መንግሥት በእጅዎ ላይ ነው፤ ደጅ ጥናት ቀረ!»
ወረፋው ግን ከማስታወቂያው ሥር
በሩን አልፎ፣ እስከ አራት ቁጥር ትራም ፌርማታ ተደረደረ።

«ይለፍ ቃል» ነው የሚሉት።
አንዲት ፊደል ብትላላ «ይለፋ» ነው የሚሆነው፤
ይምጣ፣ ይመለስ፣ ይለፋ፤ እኔ በየቀኑ የማየው።

ባለፈው ስንሻው መጣ፣ የገበያ ሣጥን ተሸካሚ፣
በሦስት ቢሮ ሦስት ዓይነት የተጻፈ ስም ተሸካሚ።
አባቱ የቤተሰብ ስም ሆነው፣ እሱ ከአባቱ ኋላ፣
መዝገቡ ሦስት ሰው አድርጎት፣ አንዱም ሰው ግን ሳይበላ፣
አንድ ሆዱን ይዞ ሄደ። «ታገሥ» አልኩት። ምን ልበለው ሌላ?

ከዚያ የኤርሲሊያ ተራ ደረሰ።
ሰማንያ ሁለት ዓመቷ። ጉልበቷ በሻሽ የታሰረ፣
የጋዝ ሒሳብ በእጇ፣ ሳይከፈል የከረመ፣ የተደራረበ።
ለድሀ የማሞቂያ ድጎማ አለ፤ ሕጉ ደግ ነው፣ አልዋሽም፤
ግን ገንዘቡ ያለበት ጓዳ፣ ያለ ስድስት ቁጥር አይከፈትም።

ቁጥሩ የሚላከው ወደ ስልክ ነው። ስልኩ የማን ነው? የባሏ።
ባሏስ? ዴልፊኖ፣ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ፣
መጋቢት ሲመጣ አራት ዓመቱ፣ ከተለያት።
ከቦርሳዋ አወጣችው፤ በሱፍ ካልሲው ጠቅልላዋለች፤
«ሌላኛውን እግር የት እንዳደረገው እሱ ያውቃል» አለች።
በየወሩ አምስት ዩሮ፣ ከዳቦዋ ቀንሳ ትሞላለታለች፤
የሞተው ሰው ስልክ እንዳይዘጋ፣
በሕይወት ያለችዋ ከመዝገብ እንዳትዘነጋ።

ተጫንኩ። ካልሲው ተርገፈገፈ።
«ጻፈልኝ» አለች።
መነጽሯን እስክትፈልግ ሠላሳው ሰከንድ አለፈ።
«ጊዜዎ አልቋል» አለ መስኮቱ። ደግሜ ተጫንኩ።
«ደግሞ ጻፈ! ሳለ እንኳ እንዲህ ለፍላፊ አልነበረም።»
ቁጥሩን እኔ አነበብኩ፦ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ሁለት...
እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች
ከኋላዬ ደገመችው፣ እንደ ዳዊት።

መለያ የምንለው ነገር ለካ ሁለት ሥራ አለው፤
ሰውን ከሰው ይለያል፤
ከተለየን ሰው ጋር ደግሞ አስሮ ያቆያል።

አንድ ቁልፍ ቀርቶኝ ነበር፦ «ስልክ ቁጥር ይቀይሩ»።
የልጅ ልጇ የሰጣት አዲስ ስልክ አላት፤ ደንቡም ያዛል።
«ልቀይርልዎት?» ስላት፣ ካልሲውን አጥብቃ ያዘች፤
«ታዲያ እሱ በየት በኩል ይጽፋል?» ብላ ጠየቀች።
ቁልፉን እንዳላየ ሰው አለፍኩት።
ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚህ አልነበረም።

በጥር ሥርዓቱ ራሱ ተቀየረ። ቁጥር ቀረ፣ ፊት መጣ፤
ቁጥር የሚላከው ከእንግዲህ ለረሳ ሰው ብቻ ሆነ።
«ካሜራውን ይመልከቱ። ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ። ወደ ቀኝ ይዙሩ።
ሕያው መሆንዎን ያረጋግጡ።»
ወደ ቀኝ ዞረች፤ ቆየች፤ ማን እንዳየች አልጠየቅኳት።
መስኮቱ አረንጓዴ ለብሶ «ተረጋግጧል» አላት።
ገንዘቡ ገባ። ቤቷ ሞቀ። እኔም ፋይሏን ዘጋሁት።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ ከወረፋው መካከል፣ ያ ሻሽ፣ ያ ጉልበት።
ደረሰኝ አልያዘችም፤ ካልሲዋን ብቻ።
«ምን ጎደለ?»
ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣
«ይለፍ ቃሌን» አለች፣ «ረሳሁት።»

አልረሳችም። ከካልሲው አፍ ላይ ብጣሽ ወረቀት
በራሷ እጅ ጽሕፈት፣ ትልልቅ ሆሄ፤ አየሁት።
ከኋላዋ አንዱ አጉረመረመ። ትራሙ ደወለ።
ተጫንኩ፤
ሁለታችንም ዝም ብለን ካልሲው ላይ አፈጠጥን።