ጊዜ የሰጠው ቅል

ካሮጌው መናኸሪያ ጎን፣ ባጃጅ ከሚሰለፍበት፣
ሁለት ሰው የማትችል ሱቅ፣ የሌዳሞ ቆርቆሮ ቤት።
ማጉሊያ ባንድ ዓይኑ ሰክቶ፣ አፍንጫው ሥር አስጠግቶ፣
የሰው ሰዓት ሆድ ይቀዳል፣ እንደ ቆሮሶ ዘርግቶ።

ባትሪ ላስቀይር ነው የሄድኩ፣ ያባቴን ሰዓት ይዤ፣
ከሐዋሳ ፓርክ ወጥቼ፣ ሌሊቱን ስሰፋ አድሬ፣ ጣቴ ድረስ ደንዝዤ።
"ጠብቂ" ብሎ ሰጠኝ ደብተር፣ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ፤
ጀርባው የማባዣ ሰንጠረዥ፣ ውስጡ ማንም ያልሠራው ቅርጽ።

ሰዓት ነው። ሁሉም የእጅ ሰዓት።

አንዱ ቁጥርም ዘንግም የለው፣ መስታወት የሚሉት የለው፤
ማሰሪያው ላይ ቀይ ዶቃ ነው፣ ቀስ እያለ የሚሄደው፤
ጠዋት በወንዶ ገነት በኩል፣ ካንጓ ላይ ብቅ ይላል፣
ማታ መዳፍ ሥር ሲደርስ፣ እንደ ፀሐይ ሐይቅ ይገባል።

አንዱ ባለ ሁለት ፊት ነው፤ ባንዱ አንድ ሲል ባንዱ ሰባት፣
የእኛና የፈረንጅ ቆጠራ፣ ተጎራብተው የሚኖሩበት።
በመሐል የቀረችው ስድስት፣ ክፍት ኪስ ሆና ተሥላለች፤
"ሰው ይተኛባት" የምትል፣ የእርሳስ ጽሑፍ ታዝላለች።

አንዱ ዓመቱን ሙሉ ሞቶ፣ ለጳጉሜን ብቻ ይነሣል፤
አምስት ቀን ሄዶ ያበቃል፣ ባራት ዓመት ስድስት ይሞላል።
"ደሞዝ የሌላት ወር ናት፣ እስቲ ሰዓት ይኑራት" ይላል።

ሌላው አባ ኮዳ ይባላል፣
አሞራ ገደል የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ እንደሚውለው፤
ዘንጉ ባንድ እግሩ የቆመ ነው፣
እግሩን እስኪቀይር ድረስ፣ ሰዓቱ ሞላ አይባልም።
"ለመሥሪያ ቤቶች ብቻ" ይላል፣ በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ።
ሳቅሁ። የራሴን ሳቅ ካልሰማሁ፣ ስንት ሌሊት ነው ማደሩ።

"ግን ማን ያስረዋል?" አልኩት። "እኔ ለሰባት ደቂቃ
ግማሽ ቀን ተቀጥቻለሁ፤
ሰርቪሱ ጥቁር ውኃ ተበላሽቶ፣ ጥፋቴ ያ ነው፣ በቃ።"

ዝም አለ። ከመሳቢያው፣ ከብሎን ከባትሪ ሥር፣
ከእንቁላል የምታንስ ቅል፣ በጠፍር የምትታሠር
አወጣ። ጆሮዬ ላይ ያዛት። ቀጭ ቀጭ ትላለች ሆዷ።
"ጊዜ የሰጠው ቅል!" አልኩት።
"ድንጋዩን ትተወው" አለ። "ጊዜውን ብቻ ነው የሰጠኋት።"

ገለባበጥኳት፣ ፊት የላትም፤ ወዲህ ቅል ነው፣ ወዲያም ጠፍር።
ወስዶ አንጓዬ ላይ አሰራት። አሁንም አልታየኝ ቁጥር።
"ላሠራት ጀርባ ትሰጣለች፣ ፊቷ ከፊትሽ ለቆመ፤
ሰዓትሽን ማወቅ ስትፈልጊ፣ ጠይቂ፣ አፍሽ ካልደከመ።"

የዚያኑ ሌሊት፣ መስመር አራት፣ ከነጩ መብራት ሥር፣
ቦጋለች የተበጠሰባትን እየቀጠለች ክር፣
ክንዴን ዘረጋሁላት። "ስንት ይላል?"
ጎንበስ ብላ አየች። ቆየች።
ሰዓት ማንበብ ያን ያህል አያቆይም።
ቀና ብላ ፊቴን አየች፣ ተመልሳ ደግሞ ቅሏን።
"ዘጠኝ ከሩብ" አለች። "ዓይንሽ ቀልቷል።
እራት በልተሻል?"

አልበላሁም ነበር።

ያባቴ ሰዓት እዚያው ነው፤ ችግሩ ባትሪ ብቻ አይደለም አለኝ፣
እኔም አላስቸኮልኩት።
ከሰርቪስ ወርጄ ሳልፍ፣ እጄን ከፍ አድርጌ አሳየዋለሁ፤
ከቆርቆሮው ውስጥ ሆኖ፣
ማጉሊያውን ካይኑ ሳያወልቅ፣
ሰዓቴን ይነግረኛል።