ጥላውን ላጥፋው?

ግዲኒያ ላይ ዝናብ መስኮት ይደበድባል፣
የቦግና ስክሪን ሌሊቱን ያነጋል።
እናቷ እሑድ ቀን ሰማንያ ትደፍናለች፤
አርባ ገጽ መጽሐፍ ልትሞላ ቆርጣለች።
ስካን ያደረገችው ሦስት ካርቶን ፎቶ
ከገጽ ገጽ ይዞራል በማውስ ተጎትቶ፤
ጠርዙ ይከረከማል፣ ሰማዩ ይደምቃል፣
ሠርግ ከክርስትና ጎን ለጎን ይሰፋል።

ሌሼክ በብስክሌት፣ ጉልበቱ ተልጦ፣
ውሻው የእናቷን ባርኔጣ ነጥቆ አምልጦ።
አባቷ ዜኖን ግን በአንዱም አልታየ፤
እንደ አሳላፊ፣ ሁሉን ሲያበላ ውሎ ጦሙን የተለየ።

ከጥጉ ግን፣ ከሥር፣ በከሰዓት ፀሐይ፣
ረጅም ጥላ ወድቋል እናቷ እግር ላይ፤
ክርኖቹን አውጥቷል፣ እንደ ባለጆሮ ድስት።

ፕሮግራሙ ጨዋ ነው፤ ሳጥን ብቅ አደረገ፦
«እንከን አግኝቻለሁ። ጥላውን ላጥፋው?»

ጣቷ ቆመ።
«አይ» የሚለውን ነካች።
ወደ ኋላ ሄደች፤
የከረከመችውን ጠርዝ አንድ በአንድ መለሰች፦
ገጽ ሦስት፣ አለ።
ገጽ ዘጠኝ፣ አለ፤ ባርኔጣ አጥልቆ።
ገጽ አሥራ አራት፣ ሣሩ ላይ፣ ከልጆቹ ቀድሞ።

ጠዋት ማተሚያ ቤት ሮጠች በዝናቡ።
«ጥላ አልያዘችም» አሉ ጎረቤቶቿ ሲታዘቡ።
ይዛለች፤
ፍላሹ ውስጥ፣ በካፖርቷ የውስጥ ኪስ።