ድንጋዩ የጮኸ ቀን

ከሞላሌ ማዶ፣ አስታው ከሚያልቅበት፣
ጭጋግ እንደ ከብት መንጋ ውሎ ከሚያድርበት፣
አንድ ጉብታ አለ፣ ዛፍ የማይበቅልበት።
"ዙፋን ሜዳ" ይሉታል።
ሜዳም አይደል፣ ዙፋንም የለበት።

ከሌሊት ፈረቃ እንደ ወጣሁ፣ በእሑድ አውቶቡስ መጥቼ፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ብናኝ በፀጉሬ አምጥቼ፤
ባጃጁ ጉብታው ሥር አቆመና "ሠላሳ ጨምሪ" አለኝ፣
"ሞተሩ እንዲህ ሲያቃስት ሰምተሽ፣ ምነው ጨከንሽብኝ?"
"የተነጋገርነው መቶ ነው!" አልኩና ጥዬው ወጣሁ፤
በሆዴ ስሰድበው፣ ግማሹን ዳገት ሳላውቀው ጨረስሁ።

ከላይ ባሻ ድንበሩ፣ ካቦርታቸው እስከ ጉልበት፣
አፋቸው ጥርስ የጎደለበት፣ ወሬ ግን ያልጎደለበት፤
በዘንጋቸው ጫፍ አሳዩኝ፣ ከጓሳው መሐል የተኛ፣
ጅብራ እንደ ዘብ የቆመለት፣
ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ ደከመ መንገደኛ።

"ይኼ ነው" አሉኝ። "ጥንት፣ መንገሥ የፈለገ ኃያል፣
ሠራዊቱን ታች አቁሞ፣ በባዶ እግሩ እዚህ ይቆማል።
እውነተኛው ከሆነ ድንጋዩ ይጮኻል፤
ካልሆነ ዝም ይላል።
ዝም ያለበት ሰው እንደ መጣ አይመለስም፤
በወዲያኛው ገደል ይወርዳል፣ ስሙን የሚያነሣው የለም።"

"የጮኸለትስ ማን ነው?" አልኩ። ሳል አፈናቸው።
"ሁሉም 'ጮኸልኝ' ብለው ወረዱ፤ ማን ነበር አብሯቸው?"

ባሻ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ፣
ወጣሁ ድንጋዩ ላይ፣ ካልሲዬን ሰክቼ ከጫማዬ።
ብርዱ ተረከዜን ነከሰኝ፤
ነፋሱ ጓሳውን አበጠረው፣ ጭላዳ ከገደሉ አሽካካብኝ።
ሌላ ምንም።
የልቤ ምት ብቻ፣ እንደ ፋብሪካው ማሽን፣ አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት።
ቁጭ አልኩ። ኀፍረት ይሁን እፎይታ፣ ስሙን አጣሁለት።

"በእኔ ዕድሜ ግን አንዴ ጮኋል" አሉ ባሻ፣ ሳያዩኝ፤
"ሐምሌ ነው፤ ምጥ ያጣደፋት ሴት በቃሬዛ፣
ከሦስት ጎረምሶች ጋር አሸከሙኝ።
ጤና ጣቢያው ሩቅ፣ ጭጋጉ ድፍን፣ ጉልበታችን አልቻለም፤
በርኖሴን አነጠፍን፣ እዚህ አስተኛናት፤ ሌላ ጠፍጣፋ ቦታ የለም።
ድንጋዩ ያን ጊዜ ጮኸ።
እስከ ታች መንደር ተሰማ፣ ውሻው ሁሉ መለሰለት፤
ቄሱም ከቤታቸው ወጥተው 'ማን ነገሠ?' አሉ፣ በሌሊት።"

"ልጁስ?" አልኩ።
በዘንጋቸው ወደ ታች ጠቆሙኝ፣ ወደ ጉብታው ሥር፣
አንድ ሰው ባጃጅ ጎን ቆሞ፣ ጎማውን በእግሩ ሲመታ፣ ሲዞር።
"ዘውዱ ይባላል" አሉ።
"ሂሳብ ላይ ግን ክፉ ፍጡር።"

ወረድኩ። ዘውዱ መስታወቱን በእጅጌው ይወለውላል፤
ቀና ብሎም አላየኝ፣ ኩርፊያው ገና ትኩስ ይመስላል።
መቶ ሠላሳውን ቆጥሬ፣ በሁለት እጄ ሰጠሁት።
"ምነው፣ ምን አገኘሽ?" አለኝ።
"ግብር ነው" አልኩት።
አልገባውም። ብሩን ደግሞ ቆጠረና ሞተሩን አስነሣ።
ከታች መንደር፣ ውሻ ጮኸ።