ከሦስት መቶ ሜትር በኋላ

ቱሉ ዲምቱ ዳር ላይ አርባ ተሳቢ ነን፣
ካልሲያችንን መስታወት ላይ አስጥተን።
ሰልፉ ምሽትን ይጠብቃል፤
ቀን ለከባድ መኪና ክልክል እንደሆነ ጎማው እንኳ ያውቃል።

ከጋላፊ ወዲህ ሁለት ሌሊት፣
በጀርባዬ አርባ ቶን ብረት፣
ዳሽቦርዱ ላይ በላስቲክ የታሰረች አንዲት ስልክ፤
ትሁት ሴት በውስጧ ትናገራለች፣ ቃሏ በልክ።
ጂፒኤስ ይሏታል። አማርኛ አታውቅም፤ ረዳቴ ሙዘይን ይተረጉማል፣
ስምንተኛ ክፍል ደርሷል፤ «ቀኝ» ስትል፣ «ግራ» ስትል ይሰማል።
«ዞረህ ተመለስ» ያለች ቀን ግን ሁለታችንም ዝም እንላለን፤
አርባ ቶን ይዞ መዞር ለሷ ቃል ነው፣ እኛ እናውቀዋለን።

የዚያን ለታ ባለብረቱ ደወለ፤ «ክሬኑ ዛሬ ብቻ ነው» አለ።
ሰዓቱ አልሞላ። ፀሐይዋ አለች። ሰልፉም አለ።
ከከተማ የሚወጣ ሲኖ በመብራቱ ሁለቴ ጠቀሰኝ፣
ፖሊስ ቆሟል ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይንገረኝ።
ሙዘይን ስልኳን ነካ ነካ አደረገና «መሸሻ አላት» አለኝ፣
በኮዬ ፈጬ ጓሮ የሚያልፍ ቀጭን ሰማያዊ ክር አሳየኝ።

ከሦስት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ፣ አለች። ታጠፍኩ።
ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ ወደ ግራ። ታጠፍኩ።
ኮብልስቶኑ ከጎማዬ ሥር እንደ ጥርስ ተፋጨ፣
ከሦስተኛ ፎቅ ሕፃን ሁሉ «ባቡር መጣ!» ብሎ ተንጫጨ።

ከዚያ መንገዱ አለቀ።
እሷ ጋ አላለቀም፤ እሷ ጋ ሰማያዊው ይቀጥላል፤
እኔ ጋ ግን ጠባብ ድልድይ፣ ከድልድዩ በፊት በርሜል ቆሟል፣
በቀይ ቀለም፣ በተጣመመ የሰው እጅ፦ «ከአምስት ቶን በላይ አይቻልም»፤
ከላይ የመብራት ሽቦው ረግቧል፣ ጎንበስ ቢሉለትም አያሳልፍም።

«ቀጥ ብለህ ሂድ» አለች።
«ቀጥ ብለህ ሂድ» አለች።
አልተጨቃጨቅኳትም። ምን ታውቃለች?
በሷ ሰማይ ላይ እኔ ቪትዝ ነኝ፣ ያም ቢቀር ነጥብ፤
ነጥብ ደግሞ አይከብድ፣ አይሰፋ፣ ድልድይ አይሰብር፣ አይራብ።

ከጅምር ሕንፃ ሥር ዘበኛ ወጣ፣ ባትሪ ይዞ፣ ካፖርት የደረበ፤
ኦቦ ገመዳ ይባላል፤ እንደ በሬ ገዢ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ ቀረበ።
«እዚህ ጋ አትርገጥ፤ ከድንጋዩ ሥር ምንጭ አለ፣ ይውጥሃል፤
እዚያ ጋ ግን ደረቅ ነው፣ አውድማችን ነበር፣ ይሸከምሃል።»
መቼ እንደነበር አልጠየቅኩም። እሱም አልጨመረ።
ባትሪውን ወደ መሬቱ አበራ፣ ጥቂት ዝም አለና ጀመረ፦

«ና።
ና፣ ና፣ ና… ቁረጠው… መልሰው… ትንሽ… ና… በቃ!»
የተሳቢው ብረት ሲያቃስት በየመስኮቱ መጋረጃ ተገለጠ፣ ውሻው ሁሉ ነቃ።
ሙዘይን ጣራ ላይ ወጥቶ በደረቅ አጣና ሽቦውን ቀና አድርጎ ያዘ፤
በቆሎ ጠባሿ ሳትቆጣ ፍሟን አነሳች፤ የኔ ግንባር ግን በላብ ወዛ፣ እጄ ፈዘዘ።
ስልኳ ታሰላለች፣ ደግማ ታሰላለች።
«ምን ትላለች?» አልኩት ሙዘይንን። «መንገድ እየፈለግኩ ነው ትላለች።»

አንድ ሰዓት ተኩል ለመቶ ሃምሳ ሜትር፣ ወደ ኋላ።
መቶ ብር ዘረጋሁ፤ እጁን ካፖርቱ ውስጥ ከተተ፤ «የሻይ ነው» ብለውም እምቢ አለ፣ በኋላ
«ቁጥሬን ያዝ» አለኝ፤ «ያቺ ሴትዮ ሌላም ሰው ትልክብናለች።»

ቱሉ ዲምቱ ስመለስ ሰዓቱ ሞልቶ ሠላሳ ዘጠኙም ገብተዋል፤
የቆምንበት ላይ የዘይት ጠብታና አንድ እግር ካልሲ ቀርተዋል።
ክሬኑ ሄዷል። ሙዘይን ተኝቷል።
እኔ ስልኳን ከላስቲኩ ፈትቼ የኦቦ ገመዳን ቁጥር ጻፍኩ፤
ስሙን ግን አልጻፍኩም፣ «አውድማ» ብዬ መዘገብኩ።